ያረደ ያጥባል

ትርንጎ ባሏ በሞተ በመጀመሪያው ፋሲካ ዋዜማ ዶሮውን በአንድ እጇ፣ ቢላዋውን በሌላው ይዛ የግቢዋ በር ላይ ቆማ ነበር። ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ ዳር አጥር ለአጥር ስለምንኖር በዓይኔ አይቻታለሁ። በእኛ አገር ሴት ዶሮ አታርድም። ቤቷ ወንድ የሌላት ሴት መንገድ ላይ ወጥታ አላፊውን ወንድ «እባክህ ባርክልኝ» ብላ ትለምናለች። የእኔው ባል ያን ቀን መተማ ነበር፤ ቢኖርም ኖሮ ደጋግመው ካልለመኑት የሚነሣ ሰው አልነበረም።

አንዱ «ለቅዳሴ ነጭ ለብሻለሁ፣ ደም ይረጨኛል» ብሏት አለፈ። ሌላው እንዳላየ ሆኖ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። በመጨረሻ እግሩ የሚንገዳገድ ሰው መጣና አረደላት። ከዚያ ቢላዋውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገና «እንግዲህ ወንድ የሌለው ቤት እንዲህ ነው» ብሏት ሄደ። ሁለቱ ልጆቿ፣ መልካሙና ላቀው፣ ቀሚሷን ይዘው ሁሉንም ያዩ ነበር።

ላባውን እየነጨች በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

«ወለተሩፋኤል፣ እነዚህ ልጆች ሲያድጉ ወንድነታቸው ቢላዋ በመያዝ አያልቅም። ያረደ ያጥባል። ያጠበ ይሠራል። በእኔ ቤት ሕጉ ይኸው ነው።»

ሐዘን ያናገራት መስሎኝ «እሺ» አልኳት። ለካ ከልቧ ኖሯል።

ትርንጎ ልብስ ሰፊ ናት። መኪናዋን ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተክላ የሰፈሩን ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ማታ ስትገባ ልጆቹ ውሃ ቀድተው፣ ዕቃ አጥበው፣ ሽንኩርት ከትፈው ካልጠበቋት ነጠላዋን ሳታወልቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ ትላለች። እስኪሠራ ድረስ አትገባም። አትጮህም፣ አትማታም፤ ቁጭ ነው። እኔ ብሆን በማማሰያ እጨርሰው ነበር፣ እሷ ግን ቁጭ ብላ ታሸንፋለች።

ሰፈሩ ዝም አላለም። ላቀው እንጀራ ሲጋግር ያየች አንዲት ሴትዮ ለሳምንት ያህል ሌላ ወሬ አላወራችም። «ሴት ያሳደገው» የሚለው ስድብ እነዚህን ልጆች ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ይከተላቸው ነበር። ላቀው ግድ የለውም፣ ሲሰድቡት ይስቃል። መልካሙ ግን ሆደ ባሻ ነው፤ እያንዳንዷን ቃል ይዞ ነው ቤት የሚገባው።

የባሏ ወንድም አያ ደመቀ ከገጠር ከተማዋ ከትክል ድንጋይ በመጣ ቁጥር ነገሩን ያነሣዋል።

«ምነው ትርንጎ? የወንድሜን ልጆች ሴት አደረግሻቸው እኮ!»

«ሴት ቢሆኑማ ባረፍሁ ነበር አያ ደመቀ። ገና ሽንኩርት መክተፍ እየተማሩ ነው።»

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። የእኔ ቤት ወንድ አልቆ ነው እኔ የቀረሁት።»

አያ ደመቀ ክፉ ሰው አይደለም። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ጤፉ ሲደርስ ለእነሱ ሳይልክ ቀርቶ አያውቅም። ያመነበትን ግን ከላዩ ላይ ማንም አያወርድለትም። መልካሙ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ቀንድ እጀታ ያለው ቢላዋ አምጥቶ ሰጠው፤ ማረድም አስተማረው። «በል፣ ዛሬ ወንድ ሆንህ» አለው።

ልጁ በዚያ ቢላዋ ልቡ አበጠ። የፋሲካ ዋዜማ ዶሮውን በስመ አብ ብሎ አረደ፣ ቢላዋውን ጠረገ፣ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ትርንጎ «ማጠቡስ?» ብትለው «እኔ አርጃለሁ» አላት። ላቀው ሊነሣ ሲል በዓይኗ አስቀመጠችው። ከዚያ ዶሮውን ከነላባው ድስት ውስጥ አስገብታ ከደነችው።

ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ያልቀረውን ጾም ጾሞ፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ ጎህ ሲቀድ የገባ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ድስት ሲከፍት ምን እንደሚመስል አስቡት። ጩኸቱን እኔ ቤት ሆኜ ሰማሁት።

«አርደሃል፣ ብላ» አለችው።

ያን ፋሲካ ሦስቱም ሽሮ ፈሰኩ! እኔ አላስችል ብሎኝ የራሴን ወጥ በሳህን ይዤ ብሄድ ከበር መለሰችኝ። ተናድጄባት ቀኑን ሙሉ አላናገርኳትም። መልካሙ ግን ረፋዱ ላይ ውሃ አፍልቶ ዶሮውን እየነከረ ሲነጭ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። እያለቀሰ ነበር የሚነጨው።

ከዚያ ወዲህ ተከራክሯት አያውቅም። የሚያርደውም የሚያጥበውም እሱ ሆነ፤ ብልት ማውጣትማ ከእኔ በለጠ። ትርንጎ ግን አላረፈችም። አንድ ቀን ሱሪ እያሳጠረች እንዲህ አለችኝ፦ «ፊቴ ላይማ ይሠራል። እኔን ፈርቶ ይሁን አምኖበት በምን አውቃለሁ? ወንዶች መካከል ሲቀመጥ ነው የማየው። ያን ቀን ካልተነሣ ምንም አላሳደግሁም።»

ያ ቀን ባለፈው ዓመት መጣ። መልካሙ በጥር ዓይናዲስን አገባ። ዓይናዲስ አዋላጅ ነርስ ናት፤ እናቷ በልጅነቷ ሞታባት ከዘመድ ቤት ወደ ተማሪዎች ማደሪያ ስትዘዋወር ያደገች፣ ጓዳ ለመማር ጊዜ ያላገኘች ልጅ። ለቅበላ ሙሽራዋን ዘመድ እንዲያያት አያ ደመቀ ትክል ድንጋይ ጠራን። እኔም በጎረቤት ደንብ ተከተልሁ።

የዘመዱ ወንድ በሙሉ ዳሱ ውስጥ ጠላ ይዞ ተቀምጧል። ሴቶቹ እፊታቸው፣ ግቢው መካከል ነን። አያ ደመቀ ዶሮውን ለመልካሙ ሰጠው፤ መልካሙ አረደና ወደ ወንዶቹ ተመልሶ ተቀመጠ። የአያ ደመቀ ሚስት የትነበርሽ ዶሮውን ነጭታ፣ ለብልባ፣ በሳፋ አድርጋ ከዓይናዲስ ፊት አኖረችው። የአገሩ ደንብ ነው፤ አዲስ ሙሽራ እጇ የሚታየው በዶሮ ነው። አሥራ ሁለቱን ብልት ሳታበላሽ ካወጣች «ሸጋ ሴት አገባ» ይባላል። ካበላሸች ወሬው ከእሷ በፊት ጎንደር ይገባል።

ዓይናዲስ ቢላዋውን አነሣች፣ ዶሮውን ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው። ከጎኔ አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዳሱ አንድ ሽማግሌ «ምነው፣ ዶሮው ሊወልድ ነው እንዴ አዋላጅ የመጣለት?» አለ። ወንዶቹ ሁሉ አውካኩ። መልካሙ አንገቱን ደፍቶ ጠላውን ያያል።

እኔ ልነሣ ስል ትርንጎ ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ። «ተዪው» አለችኝ።

ያኔ ዓይናዲስ ቢላዋውን ሳፋው ላይ አስቀመጠች።

«ያረደው ማን ነው?» አለች፣ ወደ ዳሱ እያየች።

መልካሙ ቀና አለ። ሊነሣ ሲል አያ ደመቀ ጉልበቱን ያዘው።

«ተቀመጥ! በአባትህ ዘመዶች ፊት ታዋርደኛለህ?»

መልካሙ የአጎቱን እጅ ቀስ አድርጎ ከጉልበቱ ላይ አነሣ።

«አያ፣ ቢላዋውን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፤ አመሰግናለሁ። ያረድሁት እኔ ነኝ፣ የማጥበውም እኔ ነኝ። እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው።»

እጅጌውን እየጠቀለለ መጥቶ ከሚስቱ ጎን ቁጢጥ አለ። ሥራውን አልነጠቃትም። ቢላዋውን በእጇ አስይዞ «እዚህ ጋ መገጣጠሚያው አለ፣ በጣትሽ ፈልጊው» እያለ መላላጫውን፣ ክንፉን፣ የአባወራ ድርሻ የሆነውን ፈረሰኛውን አንድ በአንድ አስወጣት። ሎሚውን እሱ ጨመቀ፣ ውሃው እስኪጠራ እሱ አጠበ። የሳቁት ሴቶች ቀረብ ቀረብ ብለው ያዩ ጀመር። ትርንጎ ክንዴን ለቀቀችና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እንዲያ ስታለቅስ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ባሏ ሲቀበርም አላየኋትም። እኔም አብሬያት አነባሁ፣ ደስ ብሎኝ።

አያ ደመቀ ግን አኮረፈ። ዋናው ቤት ገብተን ማዕዱ ሲቀርብ «ወንድ የነካካውን ወጥ አልቀምስም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰው በላ፣ ተጨመረለት፣ እንደገና በላ። ወጡ ደግሞ ሸጋ ነበር፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ቆይቶ ቆይቶ አያ ደመቀ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የትነበርሽ፣ ፈረሰኛው የታለ?»

ዓይናዲስ ልታመጣ ስትነሣ የትነበርሽ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ አስቀመጠቻት። ይህች ሴት እንግዳ ፊት ባሏን ስትመልስ ማንም ሰምቷት አያውቅም።

«ድስቱ ማድ ቤት ነው አያ። እኔ ዛሬ ተቀምጫለሁ። ገብተው ያውጡ።»

ጉርሻው በሁላችንም አፍ ቀረ። አያ ደመቀ ሚስቱን አየ፣ ትርንጎን አየ፣ መልካሙን አየ። ከዚያ ምን እንደነካው እሱ ይወቀው፣ ሳህኑን ይዞ ተነሣ። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ጋር የተያያዘ ነው፤ ጭቃውን ያቦካው፣ ማገሩን የማገረው ራሱ ነው። ገብቶበት ግን ስለማያውቅ በሩ ዝቅ ማለቱን ረስቶ ግንባሩን ገጨው።

«ጎንበስ ይበሉ እንጂ» አለችው የትነበርሽ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ። «እኛ ሁልጊዜ ጎንበስ ብለን ነው የምንገባው።»