ለቀብር የጻፍኩት ይቅርታ

የራሴን ትዝታ ስጽፍ እጄን አላምነውም። ምክንያት አለኝ።

ፍኖተ ሰላም ሳስተምር ከክፍል ይልቅ በቀብር ነበር የምታወቀው። ጽሕፈቱ ያምራል ተብዬ፣ ሰው በሞተ ቁጥር የሕይወት ታሪክ ጻፍ እባላለሁ። ቤተሰብ የሚነግረኝ ያው ነው፤ የት እንደተወለዱ፣ ስንት እንደወለዱ፣ ምን እንዳመማቸው። ይህ ብቻውን ሲነበብ ማን ያለቅሳል? ስለዚህ ትንሽ እጨምርበታለሁ፤ ለድሀ ማዘናቸውን፣ ለልጆቻቸው የሰጡትን የመጨረሻ ምክር። ለቀስተኛው ሲንሰቀሰቅ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ጅጋ አጠገብ አንድ ገበሬ ቅዳሜ ዕለት ሞቱ። ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ከመሬት ሽግሽጉ ወዲህ አይነጋገሩም። ታላቅየው የቀበሌ ኮሚቴ ሆነው የወንድማቸውን ማሳ ቆርሰው ለሌላ ሰው ሰጥተዋል። እሁድ ቀብር ላይ፣ «በመጨረሻም ወንድማቸውን ከልብ ይቅር ብለው ዐረፉ» ብዬ አነበብኩ። ከራሴ ነው። ታላቅየው መሬት ላይ ተደፍተው አለቀሱ። የሟች ባለቤት ግን ለቅሷቸውን ገትተው ትክ ብለው አዩኝ፤ አስተያየታቸውን አልወደድኩትም።

በሳምንቱ ታላቅየው ቤቴ ድረስ መጡ። ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። በትራቸውን ተደግፈው ፊቴን ይመረምሩ ጀመር።

«መምህር፣ ያን ያነበቡትን ማን ነገረዎ?»

«ቤተሰቡ ነዋ።»

«ሚስቱ አልነገርሁም ትላለች። ልጆቹም እንዲሁ።»

ጆሮዬ ጋለ። «ታመው ሳሉ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ» አልኩ።

«መቼ ነው እሱ?»

ሰውዬው ሊያጋልጡኝ ነው የመጡት ብዬ ጠረጠርኩ። ኮሚቴ የነበረ ሰው መመርመር ያውቅበታል። እኔ ደግሞ ውሸት የሚታመነው ዝርዝር ሲኖረው መሆኑን ከሥራዬ ተምሬያለሁ።

«ሐሙስ» አልኩ፣ «ከሰዓት በኋላ። ዝናብ ይጥል ነበር።»

ዓይናቸውን ከፊቴ አንስተው መሬት መሬት አዩ።

«ሐሙስማ ዝናቡ እኔንም መትቶኛል። ከጧት እስከ ማታ በወንድሜ በር ላይ ቆሜ ነበር። አታስገቡት አለ፤ ሌላ የገባ ሰውም አላየሁ።»

ይቆጡኛል፣ ምናልባትም በበትሩ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ዓርብ ይሉኛል ብዬ ነበር እኮ የመጣሁት» አሉ። «ዓርብ ብቻ ነው ያልሄድሁት።»