ደጋግሜ እንደ አዲስ ያመንኩት ጌታ

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የተነሳሁት። እልልታችሁን ግን ዝቅ አድርጉልኝ፤ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ እዚህ ሳሎን የምንሰበሰበው በልጅ የልደት ድግስ ስም መሆኑን አትርሱ። አትርሱ ባይዋ ደግሞ እኔ! ስሙ ይባረክ።

ውብነሽ እባላለሁ፤ እዚሁ አሰላ አስተማሪ ነበርኩ። የእናንተን ዓይነት ሰው መንገድ ላይ ሳይ ጴንጤ ብዬ የማሾፍ ሴት ነበርኩ። ባለቤቴ ታደሰ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሠራል።

ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዲክሲስ ተመድቤ ስመለስ የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ተገለበጠ። ይሄን የማውቀው ስለነገሩኝ ነው። እኔ የማስታውሰው የገብስ ጆንያ ላይ መቀመጤን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሆስፒታል ነጭ አንሶላ። ሐኪሙ ለታደሰ፣ ጭንቅላቷን ክፉኛ ተመትታለች፣ ግን ተርፋለች፣ ይዘሃት ግባ አለው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጠብቀን አልነገረውም፤ ታደሰም አልጠየቀ። ቁስሉ ሲደርቅ ሁሉም ዳነች አለ።

እኔ ግን አልዳንኩም፣ ወገኖቼ። ሰው ሲያናግረኝ ቃሉን እሰማለሁ፣ ሐሳቡ ግን አይያዝልኝም። ከገበያ ስመለስ የገዛ ቤቴ መንገድ ይጠፋብኛል። ሻይ ውስጥ ጨው እጨምራለሁ፤ ሲነግሩኝ ጮኼ ብርጭቆውን እወረውራለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ለምን እንደጮኽኩ ግራ ይገባኛል። ልጃችን ሕይወት እኔን ስታይ ከአባቷ ኋላ መደበቅ ጀመረች። አማቴ፣ ምራቴ ተለክፋለች አሉ። ጠበል ወሰዱኝ፤ በረደኝ እንጂ ግራ መጋባቱ አልለቀቀኝም። በመጨረሻ ታደሰ በቆጂ ወዳሉት ወላጆቼ ሊመልሰኝ ወሰነ፤ ሕይወት ከሱ ጋር ልትቀር። ይሄን የተነጋገሩት እዚያው ፊቴ ነው፣ እንደማልሰማ ቆጥረውኝ። ስንቱን የረሳ ጭንቅላቴ ይህቺን ብቻ አጥብቆ ያዛት፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ አልማዝ። ጎረቤታችን ሲስተር አልማዝ፣ ያቺ ጥግ የተቀመጠችው፣ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። በዚያ ሰሞን እየመጣች ትጠይቀኝ ነበር። አንድ ቀን ስለ ጌታ ነገረችኝ፤ አለቀስኩ፣ ተቀበልኩት። ሃሌሉያ! በሳምንቱ መጥታ፣ በጌታ እንዴት ነሽ ብትለኝ፣ የቱ ጌታ? አልኳት። እንደገና ነገረችኝ፣ እንደገና አለቀስኩ፣ እንደገና ተቀበልኩት። በቀጣዩም ሳምንት እንዲሁ። ከመካከላችሁ አንዳንዶች፣ ይህቺ ሴት ትቀልዳለች፣ አለዚያም ክፉ መንፈስ ቃሉን እየነጠቃት ነው ማለታችሁን ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም፤ እኔም ያንኑ ፈርቼ ነበር።

አልማዝ ግን ሐኪም ጠይቃ መጣች። "ውብዬ፣ መንፈስ አይደለም፤ አእምሮሽ ተጎድቶ ነው" አለችኝ። "እግሩ የተሰበረ ሰው ያነክስ የለ? ያንቺ ደግሞ ትዝታሽ ነው የሚያነክሰው።"

ከዚያ በየገጠሩ ክሊኒክ ያሉትን ድሬሰሮችና ጭንቅላታቸውን የተመቱ ሰዎች ያሏቸውን ቤተሰቦች ለትምህርት ጤና ጣቢያው ሰበሰበቻቸው። ታደሰንም ለምና አመጣችው። እንደ ስብሰባ ደንብ መፈክር አሰማን፣ አልማዝ የጠየቀችው ሐኪም የአእምሮ ጉዳት ምን እንደሚያደርግ አስረዳ፤ ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ፣ ኑሮው ከውስጥ ምን እንደሚመስል እንድናገር። ተነሳሁ። የተዘጋጀሁበት ሁሉ ከጭንቅላቴ ወጣ። ሰዉ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። በልቤ ጌታ ሆይ ብዬ ጀመርኩና እሱንም መጨረስ አቃተኝ።

"ልናገር የመጣሁት ጠፋኝ" አልኩ። "እንዲህ ነው የምኖረው። ክፉ ሆኜ አይደለም።"

ከዲክሲስ የመጣው ድሬሰር ተነስቶ፣ እኔ እንዲህ ያሉትን ስንቱን ተለክፈዋል ብዬ ሸኝቻለሁ አለ። ልጃቸውን ፈረስ የረገጠባቸው እናት በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናግረው አለቀሱ። ድሬሰሩ ሲተረጉምልን፣ ልጄን ቤት ውስጥ አስሬዋለሁ፣ ዛሬ ሄጄ እፈታዋለሁ ነው ያሉት። ጌታ ይመስገን!

ታደሰ ቤት ስንደርስ ለእናቱ፣ "እማዬ፣ ውብነሽ የትም አትሄድም። ታማለች እንጂ አልከፋችም" አላቸው። ሕይወትን ጠራና ጭኔ ላይ አስቀመጣት። ልጅቷ ደነገጠች፣ እኔም ደነገጥኩ፤ ሁለታችንም ግን አልተነሳንም።

ወገኖቼ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈወስኩ ብዬ አልዋሻችሁም። መንገድ አሁንም ይጠፋኛል። ከአልማዝ ጋር ግን በየመንደሩ እየዞርን ለታመሙትም ለሚያክሙትም እንናገራለን፤ እኔ ስረሳ እሷ ትቀጥላለች። ጌታን የተቀበልኩበትን ቀን ጠይቃችሁኝ ነበር፤ የትኛውን ልንገራችሁ? አንዱንም አላስታውስም። እሱ ግን ያስታውሰኛል፤ ስሙ ይባረክ! እናንተም የያዛችሁት ሁሉ ከእጃችሁ ቢያመልጥ፣ እሱ እናንተን ይዟልና እመኑት።

ታደሰ እስካሁን አላመነም። ሆኖም እሁድ ሲሆን፣ ተነሽ እንጂ፣ አንቺ እኮ አማኝ ነሽ፣ ዛሬ ጉባኤሽ ነው የሚለኝ እሱ ነው። አሁንም አድርሶኝ ውጭ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ግባ ብለው እምቢ አለ። ስንመለስ ምን ብለሽ መሰከርሽ ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ እኔ ደግሞ እስከዚያ ረስቼዋለሁ። እባካችሁ፣ ከእናንተ አንዳችሁ ውጡና ንገሩት።