ሙሽራ የወጣችበት ቤት

ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር፣ ከምኖርበት ፎቅ ሥር፣ አመሻሹ ላይ ኦቾሎኒ የሚቆላ ሱቅ አለ። ሽታው በመስኮት ሲገባ የያዝኩትን ትቼ ቁጭ እላለሁ። ልጆቼ «ማማ ደግሞ መካ ገባች» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ያደግኩበትን የመካውን መንሱር ሰፈር እነሱ የት ያውቁትና!

እዚያ ከበራችን ፊት ለፊት ኦቾሎኒ እየቆላች የምትሸጥ ጎረቤት ነበረችን። አያቶቿ ከናይጄሪያ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። እኔ ስወለድ እናቴ ታማ ጡቷ ደርቆ ስለነበር፣ ከራሷ ልጅ ጋር እያፈራረቀች ያጠባችኝ እሷ ናት። በሃይማኖታችን ያጠባች እናት ናት። እቅፏ ጨው ጨው፣ ጭስ ጭስ ይል ነበር። ስትስቅ ሻርፗ ከራሷ እስኪወድቅ ነው።

የታጨሁት እንደኛው ከወሎ ለመጣ ቤተሰብ ልጅ ነበር። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው የልጁ እናት መጡ። ሻያቸውን ፉት እያሉ ወደ በሩ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ያቺ ሴትዮ ከእናቶች ጋር ባትቀመጥ ምን ይመስልሻል? ትብላ፣ ትጠጣ፤ ግን ከኋላ ትሁን። ዘመድ ‹ከባሪያ ተዛመዱ› ይለናል» አሉ።

እናቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ቁጡ ሴት አልነበረችም።

«ሱብሃነላህ! መንገድ ላይ ዐረቦቹ እኛን ‹ዓብድ›፣ ባሪያ ሲሉን አልቅሰን እንገባለን። ገብተን ደግሞ ሌላውን ባሪያ እንላለን? ልጄን ያጠባች ከኋላ ከተቀመጠች እኔም ከኋላ ነኝ፣ ኸላስ!»

ሴትዮዋ ሻዩን ሳይጨርሱ ወጡ። ሠርጌ ፈረሰ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ አለቀስኩ። ልጁን እወደው ነበራ!

አልፈረሰም። ግን የሠርጉ ዕለት የጡት እናቴ «ጉልበቴን አሞኛል፤ አላህ ያሳምርላት» ብላ ልጇን ላከች። ጠዋት ደረጃ ስትወጣ አይቻታለሁ፤ ጉልበቷ ምንም አልሆነም። ወሬው ደርሷት፣ ሠርጌ እንዳይበላሽ ብላ ነው። በሙሽራ ልብሴ ተቀምጬ ማልቀስ ስጀምር እናቴ እጄን ያዘች።

«ያላ፣ ተነሽ! ሙሽራ ከእናቷ ቤት አይደል የምትወጣው? ከዚያ ትወጫለሽ።»

አባያ ደርቤ፣ ሴቶቹ እልል እያሉ መንገዱን ተሻገርን። የጡት እናቴ በቤት ቀሚሷ ነበረች፤ ዓይኗ አብጧል። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው!» ብላ ደነገጠች። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት፣ አጠገቧ ተቀመጠችና «ሙሽራው ይምጣ» ብላ ላከች።

የልጁ እናት ልጃቸውን አስከትለው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጃችንን ከፈለጋችሁ ሁለታችንን ነው የምትጠይቁን» አለች እናቴ።

ሴትዮዋ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። የጡት እናቴን አልሳሟትም፤ እጃቸውን ብቻ ሰጧት። እናቴ ይህንንም እንደ ትልቅ ነገር ቆጠረችው። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልቆጠርኩትም።

የጡት እናቴ ራሴን በሁለት እጇ ይዛ በአያቶቿ ቋንቋ መረቀችኝ። ረጅም ነበር። ትርጉሙን ሌላ ቀን እጠይቃታለሁ ብዬ «አሚን፣ አሚን» አልኩ።

ቆይቶ ሰፈሩ ፈረሰ፣ ጎረቤቱም ተበተነ። እሷም ብዙ ሳትቆይ ሞተች። ልጆቿን ጠይቄያለሁ፤ እነሱ የሚያውቁት ዐረብኛ ብቻ ነው። ዘንድሮ የመጀመሪያ ልጄን ልድር ነው። ምን ብዬ እንደምመርቃት ሳስብ የሚናፍቀኝ ያ ምርቃት ነው፤ ምን እንዳለችኝ ሳላውቅ ኖርኩበት።