የተቃናው ክንፍ

ነገሩ የደረሰው ያለፈው ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ሲል ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ደባርቅ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎምና ከአሮጌ መጫወቻ ሞተር አንድ ትንሽ አውሮፕላን ሠርተን ነበር። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዶች መጥተው ያዩታል፤ ከበረረ የሳይንስ ክበባችን ክፍል ይጸናልናል፣ ካልበረረ ዕቃ ቤት ይሆናል ተብለናል።

ያ አውሮፕላን ስንት ጊዜ አፈር ልሷል መሰላችሁ። ፊቱ ላይ ያለው ውልብልቢት ሲሽከረከር አካሉን በተቃራኒው፣ ወደ ግራ ያጋድለዋል። ወደ ግራ ሲዞርማ ይብስበታል፤ የግራ ክንፉ እየወረደ ይሄድና በአፍንጫው ይተከላል። መላውን ያገኘችው ዘምዘም የምትባል እልኸኛ ተማሪዬ ናት። የግራውን ክንፍ የኋላ ጠርዝ በትንሹ ወደ ታች አጠፈችው። ያ ክንፍ አየሩን ይበልጥ ወደ ታች ስለሚገፋ ሽቅብ ይነሳል፤ የውልብልቢቱን ጉልበት ቻለው። ከዚያ ወዲያ ወደ ቀኝ እየዞረ ሜዳውን ያካልለው ጀመር።

እንግዶቹ በሚመጡበት ዋዜማ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ሞላ የግቢውን ድንጋይ ነጭ ቀለም ሲያስቀቡ ዋሉ። በማግስቱ አውሮፕላናችንን በጨርቅ ሸፍነው ራሳቸው ይዘውት ወጡ። ሲገልጡት እሱም ነጭ ሆኗል። አፌን ሳልከፍት ሞተሩን አስነስተው ለቀቁት። በግራ ተገለበጠና እንግዶቹ እግር ስር ተተከለ።

"ጋሽ ሞላ፣ ክንፉን ምን አደረጉት?" አልኳቸው።

"ጠማማ ነበር፤ ጣውላ ጭኜበት አድሮ ተቃና። እንግዳ ፊት ጠማማ ነገር ይቀርባል እንዴ?"

ከዚያ ማይክሮፎኑን ይዘው "ልጆቹ ሞክረዋል፤ አጨብጭቡላቸው" አሉ። ያ ጭብጨባ ከስድብ በላይ አንገበገበኝ።

ፎም ነውና አልተሰበረም። ዘምዘም እንባዋን ሳትጠርግ ክንፉን በጣቶቿ መልሳ አጠፈችው። "ቲቸር፣ አንዴ ብቻ ይዩልን" አለችኝ። ወደ እንግዶቹ ሮጬ ለመንኳቸው። ጋሽ ሞላ ግን "ምሳው ይቀዘቅዛል" ብለው እንግዶቹን ይዘው ገቡ።

አውሮፕላኑ በረረ። ቀለሙ ቢከብደውም ወደ ቀኝ እየዞረ ከባሕር ዛፉ በላይ ወጣ። ያየነው እኛና የእንግዶቹ ሾፌር ብቻ ነን።

ክፍሉን ተነጠቅን። ጋሽ ሞላ ዛሬም ሲያገኙኝ "አሳምሬልሽ ምስጋና እንኳ የለሽም" ይሉኛል። አዎ፣ የለኝም። ለሽበታቸው ብዬ አፌን እይዛለሁ እንጂ አልተውኩላቸውም። በዚያ ክፍል በር ባለፍኩ ቁጥር ወደ ውስጥ አያለሁ፤ ውስጡ የተቆለለው ከድንጋዩ የተረፈው ነጭ ቀለም ነው።