ማሽኑ ዝም ሲል

ዛሬ ጠዋት መዳፌን ማሽኑ ጎን ላይ ሳሳርፍ የተሰማኝ ሙቀት ደስ አላለኝም። የልጅ ልጄ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ሰፈር በከፈተችው ቡና ቤት ባንኮኒው ላይ የተቀመጠ አሮጌ የቡና ማሽን ነው፤ እጀታው ወደ ታች ተስቦ ሲለቀቅ በውስጡ ባለው የብረት ሞላ ጉልበት ቀስ እያለ የሚመለስ፣ አሁን አሁን ብዙ የማይታይ ዓይነት። ሰሞኑን ሲያፏጭ ነበር። ልጅቷ ስታማርርበት ሰንብታ፣ ዛሬ ፊቷ በርቶ ወደ ጆሮዬ ተጠጋችና «እማዬ፣ ፉጨቱ በራሱ ጊዜ ለቀቀው» አለችኝ።

«በራሱ ጊዜ» ማለቷ ነው ያስፈራኝ።

ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ ባቡር ጣቢያው አጠገብ በነበረ ቡና ቤት ስኒ አጥብ ነበር። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ጥዬ ነው የገባሁት። ከደጅ ሲያዩት ያምር ነበር፤ የዛፍ ጥላ፣ ቢጫ ግድግዳ። ውስጡ ግን የጋለ ብረት፣ የተቃጠለ ቡናና ያልደረቀ ጨርቅ ይሸት ነበር። ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሰውዬ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር ሰው ነው። ወጣትነቱን ባቡር ጥገና ቤት ብረት ሲቀጠቅጥ ጨርሶት የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት። «ቢንቲ» ይለኝ ነበር፤ ልጄ ማለቱ ነው። እኔም «አንተ» ነበር የምለው፤ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም።

የድሬን ውሃ የጠጣ ሁሉ ያውቃል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ያ ቅርፊት ማሽኑም ሆድ ውስጥ ይበቅላል። ሰውዬው ማለዳ ይመጣና ይፈታዋል፤ ውሃ የሚይዙትን ጎማዎች ይጠርጋል፣ ሞላውን ቅባት ያስነካል፣ በመጨረሻም አናቱ ላይ ያለችውን የነሐስ መተንፈሻ በቀጭን መርፌ ይጎረጉራል። እንፋሎቱ ሲበዛ «ጢስስ» እያለች የምታስወጣው እሷ ናት። አንድ ቀን በመርፌው እያሳየኝ፣ «ይቺ ከተዘጋች ቦምብ ታቅፈን ነው የምንውለው» አለኝ።

ጆሮው እንደማይሰማ ያወቅሁት አስተናጋጁ ከኋላው አንድ ትሪ ብርጭቆ ሲጥል ነው። ቤቱ በሙሉ ዘወር ሲል እሱ ወተቱን ማሞቁን ቀጠለ። ቀና ሲል ዓይኔ ላይ አረፈ፤ እንዳወቅሁበት አወቀ። አትንገሪ አላለኝም። በማግስቱ ግን ማለዳ ጠራኝና ማሽኑን እያየ «ምን ይላል?» አለኝ። ነገርኩት፤ አልሰማኝም። ደግሜ ነገርኩት። በኋላ ግራ ሲገባኝ የእጁን አንጓ ይዤ እፍ አልኩበት፤ ልክ መተንፈሻዋ እንደምትለው፣ ረዘም አድርጌ። ፊቱ ላይ የመጣውን ፈገግታ ዛሬም አየዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የማሽኑን ድምፅ ሁሉ በእጁ ላይ ነበር የምነግረው። እጀታው ሲጥ ሲል በጥፍሬ ክንዱን እሞነጭራለሁ፤ «ጎማው ደርቋል» ይላል። የማሽኑ ሆድ ሲንኳኳ በጣቴ የክንዱን አጥንት እመታለሁ፤ ትንሽ ያስብና ቅርፊት መውደቁን ይነግረኛል። ዕውቀቱ የእሱ፣ ጆሮው የእኔ። ደንበኞቹ ሲጠሩት ዝም ስለሚላቸው አንዱ የጣቢያው ባቡር ጠባቂ፣ «አቦ ተዉት፣ ይሄ ሰውዬ ማሽኑን አግብቶ ከሰው ጋር ተፋቷል» ይል ነበር። እንስቃለን። የቡና ቤቱ ባለቤት ግን አይስቅም። የገንዘብ መሳቢያው አጠገብ ተቀምጦ የሰውዬውን ማጅራት ያያል። አንዳንዴ ይሰማ እንደሆነ ሊፈትነው ከኋላው በቀስታ ይጠራዋል። ያኔ እኔ ቶሎ ብዬ ስኒ ባንኮኒው ላይ ቋ አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ እንጨቱ ሲነዝረው ዘወር ይላል። እንዲህ እያልን ከረምን። ከዚያ ሥራ ቢወጣ በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ጆሮው ማን ይቀጥረዋል? ማታ ስተኛ እንኳ ነገ በስኒው ባልደርስለትስ እል ነበር።

ሙቀቱ የበረታ ሰሞን ነው። ነፋስ የለም፤ ደቻቱ ደርቆ አሸዋው ያንጸባርቃል፤ ከተራራው በላይ ግን ጥቁር ደመና ቆሟል። ባለቤቱ የመተንፈሻዋ «ጢስስ» ማለት እንግዳ ያባርርብኛል ብሎ ዝጋት አለው። ሰውዬው ከንፈሩን አይቶ ኖሮ፣ «አንተ አፍንጫህን ይዘህ መዋል ትችላለህ?» ሲል መለሰለት። ሰው ሳቀ። የባለቤቱ ጆሮ ቀላ።

በዚያው ቀን ቀትር ላይ እንደ ልማዳችን ዘግተን ወደየቤታችን ሄድን። ባለቤቱ ብቻ ቀረ። ተመልሰን ስንከፍት ቤቱ ባቡር በሚጠብቅ ሰው ሞላ፤ ሰውዬው እጀታውን ይስባል፣ ይለቃል፣ ይስባል። እኔ ስኒ እያጠብኩ የሆነ ነገር ጎደለኝ። ሬዲዮው አለ። የጣሪያው ማራገቢያ ሲጥ ሲጥ ይላል። የሰው ወሬ አለ። የማሽኑ ትንፋሽ የለም።

ለእሱ ዓለሙ ሁሉ ዝም ያለ ነውና ይህንን ዝምታ ከሌላው መለየት አይችልም። በእርጥብ እጄ አንጓውን ያዝኩት። ጎንበስ አልኩ። አልተነፈስኩም። እፍታዬን ጠበቀ፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ ዓይኑን አየሁት። የፊቱ ቀለም ሲሄድ ይታየኛል።

ማሽኑን አጠፋ። «ውጡ!» አለ፤ ድምፁን ስለማይሰማው ቤቱን አናጋው። አንዳንዱ ሳቀ። ከዚያ የወተት ማሞቂያውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈተውና የታመቀው እንፋሎት ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ቤቱ ነጭ ሆነ፤ ወንበር እየገለበጠ ሰው ሮጠ። ጉሙ ሲገለጥ ሰውዬው ቧንቧውን እንደያዘ ቆሟል፤ እጁ ተልጧል። መተንፈሻዋ ላይ አዲስ ሽቦ ተጠምጥሟል። ባለቤቱ የደጁን መጋረጃ ያሰረበት ያው ሽቦ ነው።

ሁላችንም ሽቦውን አየን። ባለቤቱም አየው። ከዚያ ከሰውዬው ኋላ ቆመና እንደ ወትሮው ድምፅ «አንተ ደንቆሮ» አለው። እኔ ስኒ አልያዝኩም ነበር። ሰውዬው ዘወር አላለም።

«አያችሁ?» አለ ባለቤቱ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ይቺ ልጅ ባትኖር ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?»

«ነበርኩ እኮ» አልኩት። «እኔ ነበርኩ። ሽቦውን ያሰረው ማነው?»

ሰዉ የገለበጠውን ወንበር ማንሳት ጀመረ። ያ ባቡር ጠባቂ እንኳ ጫማውን ያይ ነበር። ዛሬም ድረስ የምናደደው በባለቤቱ ብቻ አይደለም።

ሰውዬው የዚያኑ ዕለት ተባረረ። እኔም የሥራ ሽርጤን ባንኮኒው ላይ ጥዬ ተከተልኩት። እናቴ በኋላ ብትቆጣኝም አልተጸጸትኩም። ደቻቱ ጫፍ ላይ፣ አሸዋውን ተሻግሮ ወደ መጋላ ከመግባቱ በፊት፣ ቆመ። ባልተቃጠለው እጁ አንጓዬን ያዘና እፍ አለበት፤ ረዘም አድርጎ። ሁሉም ደህና ነው ማለት ነበር። ውሸቱን ነው። ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ዛሬ የልጅ ልጄን «ማሽኑን አጥፊው» አልኳት። ለምን ሳትል አጠፋችው፤ እንፋሎቱን ቀስ ብላ አስወጣች። ሲበርድ የመተንፈሻውን ቀዳዳ በመርፌ ጎረጎርኩት፤ ነጭ ቅርፊት እየተፈረፈረ መዳፌ ላይ ወደቀ። መልሳ ስታበራው ትንፋሹን ጠበቅሁ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደምትለኝ አልሰማሁም። ከዓመት ወዲህ ጆሮዬ እየራቀኝ ነው፤ ለሰው አልነገርኩም።

እጄን ዘረጋሁላት። «ሲተነፍስ እዚህ ላይ ንገሪኝ» አልኳት፣ አንጓዬን እያሳየሁ።

ግራ ገብቷት አየችኝ። ወደ ማሽኑ ጆሮዋን ሰጠች። ቆየች፤ በጣም ቆየች። ከዚያ ጎንበስ አለችና እፍ አለችብኝ፤ ረዘም አድርጋ።