የቦቴው ሹፌር ልጅ

የናፍጣና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ፣ የትም ልሁን የት፣ ሐርጌሳ፣ ዳሚ ሰፈር ከነበረችው ባለ አንድ ክፍል ቤታችን ደጃፍ ቆሜ አባባን የምጠብቅ ትንሽ ልጅ እሆናለሁ። አባባ ከከሚሴ ተነሥቶ፣ እማዬንና እኔን አስከትሎ እዚያ የገባው ከተማይቱ ከጦርነት ፍርስራሽ በምትነሣበት፣ ጣሪያ አልባው ግድግዳ ሁሉ አዲስ ቆርቆሮ በሚለብስበት ዘመን ነበር። የቧንቧ ውሃ የሚደርሰው ለጥቂት ሰው ስለነበር የውሃ ቦቴ የሚነዳ ሰው ይከበር ነበር፤ አባባም ቦቴ ይነዳ ነበር። አመሻሽ ላይ እጅጌው እስከ ክርኑ ርሶ ይገባና በዚያው በእርጥብ እጁ ጉንጬን ይዳብሰኝ ነበር።

ሶማሌዎቹ ጉ የሚሉት ዝናብ መጥቶ አቧራውን ሲያስተኛው፣ አርብ ከጁምዓ በኋላ ወደ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር ተቀምጠን መኪና እናይ ነበር። «መኪናውን አሳዪኝና ሰውየውን ልንገርሽ» ይለኝ ነበር። ማርክ ቱ የሚባለውን ቶዮታ የሚነዳው ወይ አዲስ ሙሽራ ነው ወይ ሚስት ፈላጊ፤ ባለ ረጅም አንቴና ነጭ ላንድክሩዘር የያዘው የእርዳታ ኦፊስ ሰው ነው፣ የድሃ ሰላምታ እንዳይገባበት መስኮቱን ይዘጋል፤ አሮጌ ላንድሮቨር የያዘው ደግሞ ገዢ ያጣ ሽማግሌ ነው፣ ሲጠይቁት ግን «ወዳጄን አልሸጥም» ይላል። በሳቅ እፈርስ ነበር። የጫት ፒካፕ ጡሩንባውን እያንባረቀ ሲበር ብቻ አባባ አይቀልድም ነበር።

«ይሄ ነፍሱን ከቅጠሉ ጋር አስሮ የሸጠ ነው» ይላል።

«የቦቴ ሹፌርስ አባባ?»

«የቦቴ ሹፌርማ ውሃው እንዳይናወጥበት ቀስ ይላል። ቀስ የሚልን ሰው ምን ያስዋሸዋል?»

ይህን እንደ ቁርዓን ቃል ይዤው ነበር።

ነፋሻው ሐጋ ገብቶ አቧራው ዓይን አላስገልጥ ባለበት ሰሞን፣ አንድ የጫት ፒካፕ የጎረቤታችንን ልጅ የኢፍራህን ፍየል ገጭቶ ሳይቆም ሄደ። ኢፍራህ ጓደኛዬ ነበረች፤ ፍየሏንም ከግልገልነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። አባባ ሄዶ «አይዞሽ፣ አላህ ይተካልሽ» አላት፤ ያን ዕለት እራቱን አልበላም። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ «ወላሂ፣ የኔ አባት እንደነሱ አይደለም! እሱ ውሃ ነው የሚያመላልሰው» አልኳት። አመነችኝ።

ከዚያ ጂላል ገባ፣ መሬቱ የሚሰነጠቅበት ደረቁ ወቅት። አንድ ቀን ቀትር ላይ ከኢፍራህ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ያ ጡሩንባ ከኋላችን ጮኸ፤ መንገደኛው ሁሉ ግድግዳ ተጠጋ። ሐርጌሳ ውስጥ መኪና የሚነዳው በቀኝ በኩል ሆኖ የብዙው መሪ ደግሞ በቀኝ ስለሆነ፣ ሹፌሩ የሚያልፈው በእግረኛው አፍንጫ ስር ነው። አንድ የአህያ ጋሪ መንገድ ዘግቶበት ፒካፑ አጠገባችን ሲደርስ ቀዝቀዝ አለ። መሪውን የያዘው አባባ ነበር።

«አባባ!» አልኩ።

አየኝ፤ እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር። ከዚያ እንደማያውቀኝ ሰው ዓይኑን ከፊቴ ላይ አንሥቶ ወደፊት ተከለ፣ ጡሩንባውን ነፋ፣ ሄደ። ኢፍራህ እጄን ለቀቀች።

ቤት መግባት አቅቶኝ ከሰፈራችን ማዕዘን፣ ከፈረሰው አጥር ጀርባ ተቀመጥኩ። አመሻሽ ላይ አባባ በእግሩ መጣ፤ የውሃ ሻጩ በርሜል ጋ ቆመ፤ ግራ ቀኙን አየና በጣሳ ቀድቶ መጀመሪያ አንዱን እጅጌውን፣ ቀጥሎ ሌላውን እስከ ክርኑ አራሰ። ከዚያ ረጋ ብሎ ወደ ቤት አመራ። ፒካፑን ያየሁ ጊዜ ደንግጬ ነበር፤ ጣሳውን ሳይ ግን ተከዳሁ። ያ ሁሉ ማታ ጉንጬን የዳበሰኝ እጅ ሆን ተብሎ የራሰ እጅ ነበር።

ተከትዬው ገባሁ። «አባባ፣ ዛሬ ውሃ የት አደረስክ?»

«ሃያ ስድስት ጁን ሰፈር፣ አዲስ ፎቅ የሚሠሩ ሰዎች ጋ» አለ እጅጌውን እየጨመቀ።

እማዬን አየኋት፤ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። እሷም ታውቅ ነበር። በማግስቱ ብቻዬን አግኝታኝ «ባለቤቱ ቦቴውን ከሸጠው ዓመት አለፈ፤ ሌላ ሥራ ቢፈልግ አጣ። አንቺ እንዳታፍሪበት ብሎ ነው እንጂ ሊያታልልሽ አይደለም» አለችኝ። ለእኔ ሁለቱ አንድ ነበሩ። የኢፍራህን ፍየል የገጨው እሱ ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ ጠይቄው አላውቅም። መልሱን ብፈራም፣ ይበልጥ የምፈራው መልሱን ማመን እንዳይሳነኝ ነው።

ዛሬ ያ መንገድ አስፋልት ለብሷል፤ ከተማው በትንንሽ ቪትዝ ተሞልቶ መኪና አይቶ ሰው መለየት ቀርቷል። እኔም ልጆች አሳድጌ፣ ሰው ለልጆቹ ጉሮሮ ሲል የማይጨብጠው መሪ እንደሌለ አውቄያለሁ፤ ጫት በማመላለሱ አንድ ቀን አልፈረድኩበትም። ያ ቀትር ላይ ያለፈኝ ዓይን ነው ከሆዴ አልወጣ ያለው። አባባ አርጅቷል፤ የዓይን ሞራ ጋርዶታልና ሰው የሚለየው በድምፅ ብቻ ነው። ልጠይቀው ስገባ ፊቱን ወደ በሩ አቅንቶ «ማነው?» ይለኛል። እኔ ነኝ፣ ሐዋ ነኝ ማለት ያለብኝ ያኔውኑ ነው፤ ትንሽ እቆያለሁ።