የቆመው መቅዘፊያ

ሙንጋል ራምዳስ ጎረቤቴ ነው። በመንደራችን በፖንት ሳሌ በዓሣ ማጥመድ እሱን የሚበልጥ ሰው ይገኛል፤ እሱን ያህል ዝምተኛ ግን አይገኝም። ስለዚህ አንድ ነገር ሲናገር ሰው ያዳምጠዋል።

አኒል የሚባል አንድ ልጅ ነበረው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉር ቤት ተራውን ሲጠብቅ ሁለት ሰዎች ገብተው አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ለመግደል ተኮሱ። ጥይቱ አኒልንም አግኝቶ ገደለው። ጠቡ ከማዶ በጀልባ በሚገባው ኮኬይን ነው ተባለ። ማዶ የምንለው ቬኔዝዌላን ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ ተራሮቿ ከደጃችን ይታያሉ። ፖሊስ መጣ፣ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ሄደ። እስከ ዛሬ የተያዘ ሰው የለም።

እናቱ ድሩፓቲ ከዚያ ወዲህ ከቤቷ ብዙም አትወጣም። ሙንጋል ባሕሩን አልተወም። ከትበርት ከሚባለው የረጅም ጊዜ ባልደረባው ጋር በየማለዳው ይወጣል።

የውጭ አገር የጦር አውሮፕላኖች ዕፅ ጭነዋል የተባሉ ጀልባዎችን ባሕር ላይ ይመታሉ የሚለው ወሬ በራዲዮ መሰማት ሲጀምር የአክስት ቬልማ ሱቅ በረንዳ ሁለት ቦታ ተከፈለ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ቬልማ ሱቋን ሽጉጥ በያዙ ልጆች ተዘርፋለች፤ ያለችበት ወገን አያጠራጥርም።

«ይምቷቸው!» አለች ባንኮኒውን በጨርቅ እየወለወለች። «ለፖሊስ ነግረን ምን አገኘን? ሻይ ጠጥተውልኝ ሄዱ።»

«አክስት ቬልማ፣ ከሰማይ ሆኖ ሌባውን ከእኔ በምን ይለያል?» አለ ከትበርት።

«አንተንማ በሆድህ ይለይሃል።»

በረንዳው ሳቀ። ከትበርት ሆዱን መታ መታ አደረገና ወደ ሙንጋል ዞረ። «አለቃ፣ አንተስ ምን ትላለህ? ከላይ ሲያዩን እኮ እኔና አንተ ሁለት ጉንዳን ነን።»

«እኔ የምጭነው ዓሣ ነው» አለ ሙንጋል።

«ዓሣው ከላይ ይታያል?»

«ይምቷቸው» አለ ሙንጋል፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። የአኒል አባት ከተናገረ ማን ምን ይላል?

ወሬው የምክር ቤቱ ተወካይ አቶ ሃይንድስ ጆሮ ደረሰ። አቶ ሃይንድስ ጀልባዎቹ መመታታቸውን የሚደግፍ ሰው ነው፤ እሑድ በመንደሩ አዳራሽ ስብሰባ ጠርቷል። ሙንጋል ቤት ድረስ መጥቶ፣ «አጎቴ፣ የእርስዎ አንድ ቃል የእኔን መቶ ንግግር ያህላል» አለው። ሙንጋል መልስ ሳይሰጥ ድሩፓቲ ከጓዳ፣ «ይመጣል! ደግሞም ይናገራል!» አለች።

ስብሰባው ሳይደርስ፣ በዚያው ሳምንት ባሕር ላይ አንድ ነገር ገጠማቸው። እኔ የሰማሁት ከከትበርት ነው። ከትበርት ሲያወራ ዓሣው በየቀኑ ያድጋል፤ ያላደገውን ብቻ ነው የምጽፈው።

እዚህ ባሕር ላይ ሞተሩ የሞተበት ሰው መቅዘፊያውን አቁሞ ጫፉ ላይ ሸሚዙን ያስራል። ያየው ገመድ ይወረውርለታል። የሚጎትተው ምን ጫንክ ብሎ አይጠይቅም፣ ወደ ጭነቱም አያይም፤ የሚጎተተውም ስለ ጭነቱ አያወራም። እኛም የማዶ ሰዎችም አባቶቻችንም የኖርነው በዚህ ነው።

ፀሐይ ከፍ ብላ፣ መረባቸውን አንስተው ሊመለሱ ሲሉ ከትበርት አንድ መቅዘፊያ ቆሞ አየ። ጫፉ ላይ ቀይ ሸሚዝ ይውለበለባል። ቀረብ ሲሉ የማዶ ጀልባ ነው። ውስጡ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ፣ ከኋላ ሰማያዊ የነዳጅ በርሜሎች፣ መሐል ላይ በሸራ የተሸፈነ ጭነት።

ከትበርት በርሜሎቹን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «ይሄ ሁሉ ነዳጅ ለዓሣ ነው?»

ይህን ሲል የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። ግራጫ አውሮፕላን ከሰሜን መጥቶ በላያቸው አለፈና ዞሮ ተመለሰ።

«አለቃ፣ እንሂድ። አላየናቸውም።»

«አይተናቸዋል።»

«ሱቅ ውስጥ ይምቷቸው ያለው ማን ነበር? እኔ ነኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያስ?»

«ገመዱን አምጣ።»

ከትበርት ከፈጣሪው ጋር እየተነጋገረ ገመዱን ወረወረ። ሽማግሌው ተቀብሎ የጀልባው አፍንጫ ላይ አሰረው። አሁን ሁለቱ ጀልባዎች አንድ ሆኑ፤ አውሮፕላኑም ዝቅ ብሎ መዞሩን ቀጠለ።

«ዓሣውን አንሳ!» አለ ሙንጋል።

«ምን?»

«ዓሣውን! ጅራቱን ይዘህ ወደ ላይ አንሳ፣ ይዩት!»

ከትበርት ንጉሥ ዓሣ ከምንላቸው፣ ከያዟቸው አንዱን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሳ። የዓሣው ውሃ ፊቱ ላይ እየወረደ፣ «ዓሣ አጥማጆች ነን! ዓሣ! ፊሽ!» እያለ ወደ ሰማይ ይጮሃል።

«ትልቁን አንሳ እንጂ!»

«ትልቁን አንተ አንሳው! እኔ ልሞት ነው፣ ደግሞ ዓሣ ታስመርጠኛለህ!»

አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ሄደ። ዓሣውን አይቶ ይሁን ሌላ ነገር ታዝዞ እስከ ዛሬ የምናውቀው የለም።

የማዶን ሰዎች በመሐል ወዳሉት ትናንሽ ደሴቶች ጎተቷቸው፤ ከዚያ የራሳቸው ሰዎች ይወስዷቸዋል። መንገድ ላይ ነፋስ የሸራውን ጫፍ ገለጠው። ከትበርት እንደሚለው ሙንጋል ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረና እስኪደርሱ ድረስ አላነሳም። ከትበርትም ዓይኔን ጨፈንኩ ይላል። እሱን እንኳ አላምነውም፤ ግን ምን አየህ ስለው ምንም አይለኝም፤ ከትበርት ደግሞ ዝም ሲል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሽማግሌው ሲለያዩ የካሳቫ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣቸው።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ድሩፓቲ ነጭ ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። አቶ ሃይንድስ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ዕፁ፣ ስለ ሞቱት ልጆች ተናገረ፤ የተናገረው ውሸት አልነበረም። ከዚያ፣ «ልጁን ያጣ አባት ይናገር» አለና ሙንጋልን ጠራው።

ሙንጋል ቆቡን ይዞ ቆመ። «ይምቷቸው ብዬ ነበር» አለ። «ሰምታችሁኛል። ሐሙስ ዕለት ግን አንድ የማዶ ጀልባ ጎተትኩ። መቅዘፊያው ቆሞ ነበር። አውሮፕላን በላያችን ዞረ። ቢመታን ኖሮ በማግሥቱ ራዲዮው ምን ይል እንደነበር ታውቃላችሁ። አራት አዘዋዋሪዎች ይል ነበር።»

«ምን ጭነው ነበር?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«አላየሁም።»

ቬልማ ተነሳች። «ሙንጋል! የአኒልን ገዳዮች ዕቃ ጎትተህ ቢሆንስ?»

ድሩፓቲ አንገቷን ደፋች። ሙንጋል ቆቡን በእጁ አዞረው፣ መልሶ አዞረው።

«ሊሆን ይችላል» አለ። «ላይሆንም ይችላል። እኔ በገመድ ርቀት ሆኜ ያላወቅሁትን ያ ከላይ ያለው በምን ያውቀዋል? የልጄን ገዳይ ይዛችሁ አምጡልኝ። ዳኛ ፊት አቁሙት። ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ። ባሕር ውስጥ ፊት የለም።»

ተቀመጠ። ያጨበጨቡ ነበሩ፤ ተነሥተው የወጡም ነበሩ። አቶ ሃይንድስ አመሰገነውና ቶሎ ወደ ሌላ ተናጋሪ አለፈ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ድሩፓቲ ከሙንጋል ፊት ፊት ነበር የምትሄደው። ግድግዳችን የእንጨት ስለሆነ ማታ ራት ላይ የተነጋገሩትን ሰማሁ፤ ላለመስማት ራዲዮ ልከፍት አስቤ ነበር፣ አልከፈትኩም።

«ሸራው ሲገለጥ ለምን ዞርክ?» አለችው፤ ከትበርት ነግሯት መሆን አለበት።

«ባየው ኖሮ ገመዱን መቁረጥ ነበረብኝ?»

ሳህን ስታነሳ ይሰማል።

«እኔ ብሆን አይ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ። ባሕር የማልወስድሽ ለዚህ ነው።»

አንድ ነገር ወረወረችበት፤ ፎጣ ይመስለኛል። ቀጥሎ፣ «የገዳዩን ፊት ስታይ እኔም አብሬህ እቆማለሁ» አለች።

«አብረን ነው» አላት።

ቬልማ እስካሁን ለሙንጋል ዕቃ ትሸጣለች፤ ወሬ ግን አትጨምርለትም። ከትበርት በበኩሉ ቢጫ ቀለም ገዝቶ ከፀሐይ በሚከልለው የጀልባዋ ጣሪያ ላይ ከሰማይ የሚታይ ትልቅ ዓሣ ሳለ። ሻርክ ነው የሚመስለው፤ መንደሩ ሁሉ ነግሮታል። ሰኞ ማለዳ ከዚያ ሥር ተቀምጠው ሲወጡ አየኋቸው። ገመዱ እንደ ወትሮው ተጠቅልሎ ሙንጋል እግር ሥር ነበር።